ወንዙ ድንበር ወይስ መሻገሪያ? ጎጃምን ለጎጃም ተማሪ ስለማስተዋወቅ

መግቢያ

የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ምን አገባው የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቅድሚያ መልስ ልስጥበት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከተማሪዎቼ ጋር ስናነብ፣ ጎጃም ተወልደው ያደጉትን አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ማንኩሳና ዲማ በየት በኩል ናቸው? በመካከላቸውስ ምን አለ? ብዙዎቹ የገጸ ባሕርያቱን ስም፣ የልቦለዱን ጭብጥና የአተራረኩን ስልት አጥርተው ያውቃሉ። ማንኩሳ በምዕራብ በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ፣ ዲማ በምሥራቅ በቢቸና አካባቢ መሆናቸውን፣ በመካከላቸውም የጮቄ ተራራና ከእሱ የሚወርዱት ወንዞች መኖራቸውን የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የበዛብህን መንገድ ርዝመት የማያውቅ አንባቢ ደግሞ ብቸኝነቱን የሚረዳው በግማሹ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ ተማሪን ከትውልድ ክፍለ ሀገሩ ታሪክና መልክዐ ምድር ጋር በምን መንገድ ማስተዋወቅ እንደሚሻል ጎጃምን በምሳሌነት ወስዶ ማሳየት ነው። ጎጃም ስል ሰባት አውራጃዎች የነበሩትን የቀድሞውን ክፍለ ሀገር ማለቴ ነው፤ እነሱም ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ ባሕር ዳር፣ አገው ምድርና መተከል ናቸው። ይህን ክፍለ ሀገር የመረጥሁት የተፈጥሮ ወሰኑ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። ወሰኑ ስለጎላም ታሪኩ በወሰኑ ውስጥ ተጀምሮ በወሰኑ ውስጥ ያለቀ ይመስላል። ብዙ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዘውት የሚመጡት አስተሳሰብም ይኸው ነው።

የማቀርበው አሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ጎጃምን የከበበው ወንዝ ጎጃምን አልዘጋውም። የክፍለ ሀገሩ ገበያ፣ ጦርነት፣ ቅኔ፣ የቦታ ስምና የታሪክ መጽሐፍ ሳይቀር በመሻገር የተገኙ ናቸው። የትውልድ አገር ትምህርት ይህን ካላሳየ ለተማሪው የሚሰጠው ዕውቀት ሳይሆን አጥር ይሆናል።

1. በውሃው መጀመር

የአካባቢ ታሪክ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በነገሥታትና በመሳፍንት ዝርዝር ነው። እኔ የምጀምረው በውሃ ነው። ለተማሪዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እናትህ ወይም እናትሽ ውሃ የቀዱበት ወንዝ ስሙ ማን ነው? ወዴትስ ይፈስሳል? እስከ መጨረሻው ተከትላችሁ ጻፉ።

የደብረ ማርቆሱ ተማሪ ጨሞጋን ይጽፋል። የቢቸናዎቹ ሙጋንና ሱሃን ይጽፋሉ። የደንበጫው ተማሪ ተምጫን ተከትሎ ብር ወንዝ ይገባል። የሰከላው ግልገል ዓባይን፣ የመተከሉ በለስን ይጠራል። ጽሑፎቹ አንድ ላይ ሲነበቡ የሁሉም የመጨረሻ ቃል ዓባይ ይሆናል። ተማሪዎቹ እርስ በርስ የሚተያዩት ያን ጊዜ ነው። በወረዳና በዞን ተለያይተው የተቀመጡ ልጆች በአንድ ተፋሰስ ውስጥ መወለዳቸውን መምህሩ ሳይነግራቸው ይደርሱበታል።

ከዚህ በኋላ የወንዙን መንገድ በሰሌዳ ላይ እንስላለን። ዓባይ ከሰከላ ከግሽ ምንጭ ይነሣል። በግልገል ዓባይ ስም ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ሐይቅ ይገባል። በባሕር ዳር በኩል ከሐይቁ ወጥቶ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወርድና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያቀናል። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ቀጥሎም ወደ ምዕራብ ታጥፎ፣ ከተወለደበት ከግሽ በስተደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያልፋል። በመጨረሻም በስተሰሜን ምዕራብ ወደ ሱዳን ይወጣል። ስለዚህ ጎጃም በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ በአንድ ወንዝ የተከበበች አገር ናት። በስተሰሜን ደግሞ ጣና አለ። ሙሉ በሙሉ ደሴት ለመሆን የቀራት ጥቂት ነው።

የዚህ ዙሪያ እንብርት ጮቄ ነው። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን ወንዞቹ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከእሱ ወደየአቅጣጫው ይዘረጋሉ። ከጮቄ ራስ እስከ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ በአጭር ርቀት ውስጥ ውርጭን፣ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን ያልፋል። ከላይ ገብስና ድንች፣ በቢቸናና በደጀን ጥቁር አፈር ላይ ጤፍ፣ በምዕራብ በኩል ዳጉሳና በቆሎ፣ በመተከል ቆላ ማሽላና ሰሊጥ ይበቅላል። ከደጀን ወደ ወንዙ የሚወርደው ገደል ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለው።

ይህ መልክዐ ምድር የታሪክ ጌጥ ሆኖ ከዳር የሚቀመጥ ነገር አይደለም። አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሊጥል ሲነሣ የጎጃም ገበሬ አመፀ። ገበሬው ከግብሩ መጠን ይልቅ የፈራው የመሬቱን መለካት ነው። መሬት ከተለካ ርስት ይነካል ብሎ ሠጋ። ጦርም አውሮፕላንም ተልኮበት አልበረደም፤ በመጨረሻ መንግሥት ጠቅላይ ገዥውን ለማንሣትና ውዝፉን ግብር ለመተው ተገደደ። በየሸንተረሩ ተበጣጥሳ ከአባት ለልጅ የወረደችውን ትንሽ የርስት ማሳ በዓይኑ ያላየ ተማሪ ይህን አመፅ ግትርነት ብሎ ያልፈዋል። ማሳዋን ያየ ግን ምክንያቱን ለማንም ማስረዳት ይችላል።

2. መሻገሪያዎቹ

ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላል፤ መንገድም ይዘጋል። በጋ ሲሆን መልካዎቹ ይከፈታሉ። የጎጃም የቀድሞ ታሪክ የዚህን መዘጋትና መከፈት ሥርዓት ተከትሎ የሄደ ነው ማለት ይቻላል። ወታደሩም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም ጉዞውን የሚቆጥረው በወንዙ ጠባይ ነበር።

ነገሥታቱ ይህን ሥርዓት ለመስበር ድልድይ አሠሩ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጢስ ዓባይ አጠገብና ከሞጣ ወደ በጌምድር በሚያሻግረው ስፍራ የድንጋይ ድልድዮች ተሠርተዋል። የሁለተኛው ዛሬ የሚታወቅበት ስም ሰባራ ድልድይ ነው። በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን አንዱ ቅስቱ ስለፈረሰ ነው ይህ ስም የወጣለት። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የሠራ ድልድይ በፈረሰበት ቀን ስም መጠራቱ፣ ሕዝቡ መሻገሪያውን ማጣቱ ምን ያህል እንዳሳዘነው ያስረዳል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የሕዳሴ ድልድይ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ በባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተከፈተው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ነው። ነገሩ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቀጠለ አንድ ሥራ ነው።

ስለ ንግዱ ለማስተማር የምጠቅሰው የባሶን ገበያ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡብ ጎጃም በየጁቤ የሚቆመው ይህ ገበያ፣ ከዓባይ ማዶ ከጊቤ አገሮች የሚመጣው ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጋር የሚገናኝበት ትልቅ ስፍራ ነበር። በገበያው ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ለተማሪ መደበቅ አይገባም። የትውልድ አገርን ማስተዋወቅ ማለት ማወደስ ማለት ስላልሆነ፣ ባሪያ ሆነው ወንዙን የተሻገሩት ሰዎችም የክፍለ ሀገሩ ታሪክ አካል ናቸው።

የባሶን ገበያ የተረዳ ተማሪ የእምባቦን ጦርነት ለመረዳት አይቸገርም። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ የተሰጣቸው ማዕረግ «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» የሚል ነበር። ማዕረጉ ራሱ ዓባይን ተሻግሯል፤ ከፋ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ ከጊቤም አልፎ ነውና። ሸዋም ያንኑ አገርና ያንኑ ንግድ ይፈልግ ስለነበር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ንጉሥ ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉድሩ ምድር በእምባቦ ተዋጉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተሸንፈው ተማረኩ። ስለዚህ በጎጃም ንጉሥ ዕድል ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ውጊያ የተካሄደው ከጎጃም ውጭ ነው። መንቆረር ይባል የነበረው ከተማቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። እሳቸውም በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘምተዋል፤ በ1893 ዓ.ም. አርፈዋል።

3. ተሻግረው የመጡ ስሞች

ሁለተኛው የተማሪዎቼ ሥራ ስምን መጠየቅ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከዚህ የቀረበ መሣሪያ የለም። የመንደርህ፣ የወንዝህ፣ የተራራህ ስም በየትኛው ቋንቋ ነው? ማን አወጣው? ብዬ እጠይቃለሁ። ትርጉሙን ካላገኛችሁት በግድ አትፍጠሩ፤ ያላችሁን ብቻ አምጡ እላለሁ። ለእያንዳንዱ ስም ተረት መፍጠር የአካባቢ ታሪክ የቆየ በሽታ ነውና።

ዳሞትን እንውሰድ። የዛሬ ተማሪ ዳሞት ሲባል ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን፣ ቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃን ያስባል። በመካከለኛው ዘመን ታሪክ የሚታወቀው የዳሞት መንግሥት ግን ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው ታላቅ የሕዝብ እንቅስቃሴ ምክንያት ሰዎቹ ወንዙን ወደ ሰሜን ሲሻገሩ ስሙን ይዘው መጡ። ስለዚህ ጎጃም ከምትኮራባቸው ስሞች አንዱ ስደተኛ ነው።

ጋፋት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። ጋፋቶች በዓባይ አካባቢ የኖሩ፣ የራሳቸው ሴማዊ ቋንቋ የነበራቸው ሕዝብ ናቸው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን በጋፋትኛ ተተርጉሞ እንዲጻፍለት አድርጓል። ከዚያ በኋላ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ተናጋሪ ፍለጋ በመጡ ጊዜ በብዙ ድካም ያገኟቸው አራት ሰዎችን ብቻ ነበር። ዛሬ ጋፋትኛ የሚናገር የለም፤ ልጆቻቸው አማርኛ ይናገራሉ። ከተማሪዎቼ መካከል አያቶቹ በጋፋትኛ ያለቀሱና የሳቁ ሊኖር ይችላል፤ እሱ ግን አያውቀውም። አንድ ክፍለ ሀገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ቋንቋ ሲናገር ኖረ ብሎ ማስተማር እነዚያን አራት ሰዎች እንደገና ዝም ማሰኘት ነው።

ሌሎቹንም መጥቀስ ያስፈልጋል። በዳንግላና በእንጅባራ አካባቢ አውኚ የሚናገሩት አገዎች አሉ። በጣና ዳር የቀድሞ ቋንቋቸውን አጥተው አማርኛ የሚናገሩት ወይጦዎች ይኖራሉ። በመተከል ጉሙዞችና ሺናሻዎች፣ ኦሮሞዎችም ይገኛሉ። እነዚህን በመጨረሻው ገጽ ላይ «ሌሎች ብሔረሰቦች» በሚል ርእስ መዘርዘር ይቅርታ የሌለው የአቀራረብ ጉድለት ነው። ቦታቸው ገና ከመጀመሪያው፣ ከውሃው ጋር ነው።

4. ጸሐፊውና ተማሪ ቤቱ

ጎጃም በመጻሕፍት ረገድ ዕድለኛ ናት። የክፍለ ሀገሩን ታሪክና የትውልድ ሐረግ በአማርኛ በሰፊው የጻፉ ሰው አሏት፤ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ። የትውልዱ መጽሐፋቸው በኅትመት የወጣበት ርእስም «ከዓባይ እስከ ዓባይ» የሚሉትን ቃላት ይዟል። ከላይ በሰሌዳ ላይ የሳልነውን ዙሪያ በሦስት ቃላት የሚገልጽ አነጋገር ነው።

ተማሪዎቼ የመጽሐፉን ርእስ ከሰሙ በኋላ የጸሐፊውን አባት ስም እንዲያስተውሉ አደርጋለሁ። ዋቅጅራ የኦሮሞ ስም ነው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ የተወለዱት ከዓባይ ማዶ በወለጋ ምድር ሲሆን በልጅነታቸው ከአገራቸው ተወስደው ወደ ጎጃም መጡ። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ጥላ ሥር አደጉ፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ፤ ሠዓሊም ጸሐፊም ሆኑ። የጎጃምን ትውልድ ቤት ለቤት ቆጥሮ የማን ልጅ ማን እንደሆነ ለጎጃሜ የነገረው፣ እትብቱ በጎጃም ያልተቀበረ ሰው ነው። ወደ ጎጃም ያመጣቸው ዘመን ጨካኝ እንደነበር ሳንረሳ፣ እሳቸው የሠሩትን ደግሞ ሳናሳንስ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ አለብን። በእኔ አስተያየት ስለ ጎጃም ታሪክ አጻጻፍ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

የቅኔ ቤቶቹም ምስክርነት ከዚህ ጋር ይስማማል። ዋሸራና ጎንጅ ከዋድላ ጋር የቅኔ መንገድ መጠሪያ ሆነው የሚታወቁ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ዋሸራን ታላቅ ያደረገው ግን የአካባቢው ልጅ ብቻ አይደለም። ከትግሬ፣ ከላስታ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቦ የመጣው ተማሪ ነው። በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን የጎጃም ገበሬ ቁራሹን እያካፈለ አስተማረው። ተማሪው ቅኔውን ይዞ ወንዙን መልሶ ተሻገረ። ስለዚህ ጎጃም ቅኔ የምትባለው ቅኔውን ለራሷ ስላስቀረች ሳይሆን ስላሻገረች ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ቢሆን በማንኩሳ ተጀምሮ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ የዓባይን በረሃ ወደ ሸዋ ይሻገራል። ሐዲስ ዓለማየሁ በዚያው አገር ተወልደው በዚያው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፉ ስለሆኑ የመሻገርን ትርጉም ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

5. የተለወጠው ካርታና ያው የሆነው ወንዝ

በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሠረት ጎጃም የሚባል የአስተዳደር ክልል የለም። አብዛኛው ክፍል በአማራ ክልል ውስጥ በዞኖች ተከፋፈለ፤ መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገባ። ይህ ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። የሚያሳስበኝ የትምህርቱ ጉዳይ ነው። ተማሪ የክልሉን ታሪክ ብቻ እንዲማር ሲደረግ የሞጣው ልጅ መተከልን፣ የመተከሉ ልጅ ሞጣን ሳያውቅ ያድጋል።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገብተው፣ በመተከል ቆላ በበላያ ተራራ በኩል አልፈው ደብረ ማርቆስ ደርሰዋል። ከዚያም ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ይህን መንገድ ዛሬ ለማስተማር የሁለት ክልሎችን መጽሐፍ ጎን ለጎን መክፈት ያስፈልጋል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም እንዲሁ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው በመተከል በጉባ ነው። በጉባ የሚጠራቀመው ውሃ ከጮቄም፣ ከግሽም፣ ከወሎም፣ ከሸዋም፣ ከወለጋም የወረደ ነው። የጮቄ አፈር ከተሸረሸረ ደለሉ የሚያርፈው ጉባ ነው። በጉባ ያለው የመብራት ጉዳይ በጮቄ ካለው የእርከን ጉዳይ ጋር እንዲህ ይያያዛል።

መተዋወቅ ሲጠፋ የሚመጣውንም አይተናል። ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በመተከል በተፈጸሙ ጥቃቶች ብዙ ሰዎች ተገድለዋል፤ እጅግ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በነዚያ ጊዜያት የሽማግሌ ቃል ለቅመው እንዲመጡ የላክኋቸው ተማሪዎች መንገድ ተዘግቶባቸው በስልክ ሲጠይቁ ተመልክቻለሁ። የትውልድ አገር ታሪክ ትምህርት ብቻውን ሰላም ያመጣል የሚል እምነት የለኝም። ጎረቤቱን ከሌላ ዓለም እንደመጣ ባዕድ አድርጎ የሚያሳይ ትምህርት ግን እሳቱ ላይ እንጨት እንደሚጨምር እርግጠኛ ነኝ።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን ለመምህራን በሚጠቅም መልክ ሰብሰብ ላድርገው። አንደኛ፣ የክፍለ ሀገር ታሪክ በመሳፍንት ዝርዝር ሳይሆን ተማሪው በእጁ በነካው ውሃና አፈር ቢጀመር ይመረጣል። ሁለተኛ፣ የቦታ ስም እንደ ሰነድ ይጠና፤ ትርጉሙ ካልታወቀ ደግሞ አይፈጠርለት። ሦስተኛ፣ ልቦለድም ሆነ የታሪክ መጽሐፍ ከካርታ ጋር ይነበብ፤ የጸሐፊውም የሕይወት መንገድ በዚያው ካርታ ላይ ይሳል። አራተኛ፣ ያለፈው ግፍ ከያለፈው ክብር ሳይነጠል ይነገር።

ይህ አካሄድ ለጎጃም ብቻ የሚሠራ አይደለም። የወሎ መምህር በበሽሎ፣ የትግራይ መምህር በተከዜ፣ የጅማ መምህር በጊቤ ሊጀምር ይችላል። በየትኛውም ወንዝ ቢጀምር ውሎ አድሮ ተማሪውን ከወንዙ ማዶ ካለው ሰው ደጃፍ ያደርሰዋል። ተማሪው አገሩን ማወቅ የጀመረው እዚያ ሲደርስ፣ የዚያኛውንም ሰው የወንዝ ስም ሲጠይቅ ነው።